ኦዞን ይጨመርልን!

[የስብሰባ አዳራሽ በር ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ጡረተኛ ነው። ሌላው የእህቱ ባል፣ መኪና ቀለም ቀቢ። በሩ ላይ «አምስቱ ከተሞች የኦዞን ብክለትን ለመቀነስ በሚያወጡት የጋራ ዕቅድ ላይ የሕዝብ አስተያየት መስጫ» ይላል። ሁለቱም የጥሪ ወረቀት ይዘዋል።]

ጡረተኛ፦ ልብስ ቀይረህ ና አላልኩህም?

ቀለም ቀቢ፦ ቀይሬ ነው እኮ የመጣሁት ጋሼ። ይሄ የክቴ ነው።

ጡረተኛ፦ የክት ሱሪ ላይ ሰማያዊ ቀለም ምን ይሠራል?

ቀለም ቀቢ፦ የክት መኪና ስቀባ ነው የነካኝ።

ጡረተኛ፦ ወይ አበሳዬ! ትልልቅ ሰዎች ፊት ነው እኮ የምንቀርበው። ለማንኛውም አንተ አፍህን እንዳትከፍት፤ ለሁለታችንም እኔ እናገራለሁ።

ቀለም ቀቢ፦ ቁጥር ሰጥተውኛል እኮ። እርስዎ አሥራ አራት፣ እኔ አሥራ አምስት።

ጡረተኛ፦ እንግዲያው ትገባና «እሳቸው ያሉት ይሁን» ብለህ ትወጣለህ። አለቀ።

ቀለም ቀቢ፦ እሺ። ምንድን ነው ግን የሚሉት?

ጡረተኛ፦ [ወረቀቱን በጣቱ እየመታ] አታነብም? «ለመቀነስ» ይላል! ኦዞንን ለመቀነስ! ለመሆኑ ኦዞን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ቀለም ቀቢ፦ ትንሽ ትንሽ...

ጡረተኛ፦ አታውቅም። ኦዞን ማለት ሰማይ ላይ የተዘረጋ ጋሻ ነው። ክፉውን የፀሐይ ጨረር የሚመክትልን እሱ ነው። እሱ ባይኖር እኔና አንተ እንደ በቆሎ ተጠብሰን ነበር። ቀድሞውንም ቀዳዳ አለው ተብሏል።

ቀለም ቀቢ፦ ቀዳዳ ከሆነማ ስቱኮ አለኝ። ሞላ አድርጎ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጎ፣ ከላይ አንድ እጅ ቀለም...

ጡረተኛ፦ ሰማይ ነው የምልህ! የመኪና በር አይደለም!

ቀለም ቀቢ፦ ይቅርታ ጋሼ። አሁን የሚቀነሰው ግን የሰማዩ ነው?

ጡረተኛ፦ ስንት ኦዞን አለ ታዲያ?

ቀለም ቀቢ፦ እኔ እንጃ። ይሄ ወረቀት ግን ከጀርባው...

ጡረተኛ፦ ቁም ነገር ጀርባ ላይ አይጻፍም! ለማን ነው የምትነግረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ ያላለፈ ፋይል የለም።

ቀለም ቀቢ፦ አውቃለሁ። ግን እየከፈቱ ያነቧቸው ነበር?

ጡረተኛ፦ መክፈት የኔ ሥራ አልነበረም። ቁጥር ነበር የምሰጣቸው። ይልቅ ዝም በልና ንግግሬን ስማ። [ተነስቶ] «ክቡራትና ክቡራን! ጋሻችን ሲነካ እጃችንን አጣጥፈን አናይም!»

ቀለም ቀቢ፦ ማን ነካው?

ጡረተኛ፦ እነሱ ናቸዋ! አምስት ከተማ አንድ ላይ ተሰብስቦ! አንድ ከተማ ለብቻው ደፍሮ የማያደርገውን አምስት ሆነው ሊያደርጉት!

ቀለም ቀቢ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ ጋሼ?

ጡረተኛ፦ አጭር ከሆነ።

ቀለም ቀቢ፦ ጋሻ ፊት ለፊት ይያዛል እንጂ ይዋጣል እንዴ?

ጡረተኛ፦ ማን ዋጠው?

ቀለም ቀቢ፦ እኛ ነና፣ ስንተነፍስ።

ጡረተኛ፦ [በሐዘኔታ እያየው] አይ አንተ! ቲነሩ አናትህ ላይ ወጥቷል። ያኔ እህቴን ስትጠይቅ «ልጁ ትንሽ ዘገምተኛ ቢሆንም ልቡ ደህና ነው» ብዬ አባቴን ያሳመንኩት እኔ ነኝ እኮ።

ቀለም ቀቢ፦ ውለታዎ አለብኝ።

[የድምፅ ማጉያው «አሥራ አራት!» ይላል። ጡረተኛው አራት ገጽ ጽሑፉን ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባል። ቀቢው ከኪሱ የተጨማደደ ደብተር አውጥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ከውስጥ የጡረተኛው ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሳቅ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ። ጡረተኛው ፊቱ በርቶ ይወጣል።]

ጡረተኛ፦ ሰማህ?

ቀለም ቀቢ፦ ጭብጨባ ሰማሁ። ሳቅም የሰማሁ መሰለኝ።

ጡረተኛ፦ ደስታ ነዋ! «ኦዞን ሊቀነስ አይገባም፣ እንዲያውም ይጨመርልን!» ስል አዳራሹ ተናወጠ። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሐኪም እንባውን በመሐረብ ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀለም ቀቢ፦ አልቅሶ ነው?

ጡረተኛ፦ ምን ይሁን ታዲያ? ሰብሳቢዋ ራሷ ውሃ ቀዳችልኝ። ጽሑፌንም «እባክዎ ይተዉልን፣ በጣም ያስፈልገናል» ብላ ለምና ነው የወሰደችው። እሱ ደግሞ የምን ደብተር ነው?

ቀለም ቀቢ፦ የምናገረው ነው።

ጡረተኛ፦ አንተ? አምጣው እስቲ። [ነጥቆ ያነባል] «ሰኞ። ደመና ነው። በማለዳ አንድ ኮፈን ቀባሁ። ማታ አልነፋችም። ማክሰኞ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ነፋስ የለም። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት በር ቀባሁ። ማታ ሦስት ጊዜ ነፋች።» ምንድን ነው የምትነፋው? ጎማ?

ቀለም ቀቢ፦ መድኃኒቷን።

ጡረተኛ፦ ማን ናት እሷ?

ቀለም ቀቢ፦ እህትዎ።

[ጡረተኛው ደብተሩን ዝቅ ያደርጋል።]

ጡረተኛ፦ ጉንፋን ነው ብላኝ ነበር እኮ።

ቀለም ቀቢ፦ አስም ነው። ሁለት ዓመት ሆናት።

ጡረተኛ፦ ሁለት ዓመት! ለምን አልነገረችኝም?

ቀለም ቀቢ፦ «ለወንድም ጋሼ ከነገርኩት ስለ ሳንባ ሁለት ሰዓት ያስተምረኛል፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ የምሰማበት ትንፋሽ የለኝም» ብላ።

ጡረተኛ፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ገጾቹን ይገልጣል] ይሄን ሁሉ ቀን... ሁሉንም አንተ ነህ የጻፍከው?

ቀለም ቀቢ፦ አምስት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ብቻ መስሎኝ አንድ ሳምንት ጋራዡን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ፀሐይ በበረታበት ቀን ግን ያኔም ነፋች። ግራ ገባኝ። በኋላ ልብ ብዬ ሳይ፣ በዚያን ቀን ነፋሱ የሚመጣው ከታችኛው ከተማ ነው፤ የጭነት መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ ከሚሰለፉበት። ነፋስን ደግሞ ኬላ ላይ አቁሞ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

ጡረተኛ፦ እና ገብተህ «ቀለሜም አጥፍቷል» ልትል ነው? በገዛ አፍህ? ይዘጉብሃል እኮ!

ቀለም ቀቢ፦ ፈርቻለሁ ጋሼ። ሌሊቱንም አልተኛሁ። ግን እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ አየር ስትፈልግ ማየት ከዚህ ይብሳል።

ጡረተኛ፦ ታዲያ በማለዳ ብቻ እየቀባህ ዝም አትልም?

ቀለም ቀቢ፦ ሞከርኩት። ደንበኛ ይቸኩላል፤ እኩለ ቀን ላይ ወደሚቀባለት ጋራዥ ይሄዳል። ቀለሙ ከኔ ሰፈር ወጥቶ እዚያ ይረጫል፣ ነፋሱ መልሶ ያመጣልናል። አምስቱም ከተማ ባንዴ «ፀሐይ ሲበረታ አይረጭም፣ ወረፋ ላይም ሞተር ይጥፋ» ቢሉ ግን አንዱ አንዱን አይጎዳም። እሱን ልነግራቸው ነው።

ጡረተኛ፦ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ቀለም ቀቢ፦ ግማሹን ከሷ ሳል፣ ግማሹን ከወረቀቱ ጀርባ።

[«አሥራ አምስት!» ቀቢው ደብተሩን ተቀብሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይገባል። ጡረተኛው ግራ ቀኝ አይቶ መነጽሩን ያደርግና ወረቀቱን ይገለብጣል።]

ጡረተኛ፦ [ለብቻው] «ኦዞን ከላይ ሰማይ ላይ ሲሆን ይጠብቀናል። እዚህ ምድር ላይ ግን የመኪና ጭስ፣ የቀለምና የቤንዚን ተን ከኃይለኛ ፀሐይ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው። ልንቀንሰው የምንፈልገው ይሄኛውን ነው።» ወይ ጉዴ! ሁለት ነው እንዴ? ለሕዝቡ ሁሉ ሳንባ የሚጎዳ ይጨመርልን ብዬ ወጣሁ! ሐኪሙም ያ ሁሉ እንባ... [ፊቱን በወረቀቱ ይሸፍናል]

[ከውስጥ ጸጥታ። ረጅም ጸጥታ። ቀቢው ባዶ እጁን ይወጣል።]

ጡረተኛ፦ ምነው? አላጨበጨቡም? ደብተሩስ?

ቀለም ቀቢ፦ እነሱ ጋ ቀረ። እስከ መጨረሻው ገጽ አስነበቡኝ። ሐኪሙ «በየከተማው መሣሪያ ተክለን የለካነው ከዚህ ጋር ገጥሟል» አለ። ጋራዥ አይዘጋም። የሰዓቱ ነገር ረቂቁ ውስጥ ይገባና አምስቱም ከተማ ይወያይበታል። እኔንም ኮሚቴ ግባ አሉኝ።

ጡረተኛ፦ አንተን? [ቶሎ ብሎ] ጥሩ አደረጉ። ደግ አደረጉ። እ... የኔን ጽሑፍ መልሱልን አላልካቸውም?

ቀለም ቀቢ፦ ብያለሁ። እምቢ አሉኝ። አትመው አምስቱም ከተማ ውስጥ ሊበትኑት ነው።

ጡረተኛ፦ [ቀና ብሎ] ሊበትኑት? ጨርሶ የማይረባ አልነበረም ማለት ነዋ!

ቀለም ቀቢ፦ ኧረ በጣም ይረባል ብለዋል። ርዕስም አውጥተውለታል፤ «ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» የሚል።

ጡረተኛ፦ [ቀስ ብሎ] ስሜም አለበት?

ቀለም ቀቢ፦ ስምዎንስ ለምኜ አስወጥቼዋለሁ።

ጡረተኛ፦ ተባረክ።

ቀለም ቀቢ፦ ፎቶውን ግን አንተውም አሉ። ሲናገሩ ያነሱዎትን። ጣትዎን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ዓይንዎ ፈጦ።

ጡረተኛ፦ ወይኔ ሰውዬው! እህቴ ታየዋለቻ! ዕድሜ ልኳን ነው የምትስቅብኝ!

ቀለም ቀቢ፦ ትሳቅ እንጂ ጋሼ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቋን ሳል ሳያቋርጣት ጨርሳው አታውቅም። አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ከሳቀችማ ዕቅዱ ሠራ ማለት ነው።

[ጡረተኛው ተነስቶ የአዳራሹን በር ያንኳኳል።]

ጡረተኛ፦ ይቅርታ! ቁጥር አሥራ አራት ነኝ! ያንን ፎቶ ስታትሙ... በትልቁ ይሁን!