ለሁለት የተካፈልነው ሞተር ቤት

ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ይገባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሸሪኮች ሲጣሉ ግን፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ንብረቱ እንዴት ሊሆን ነው?» ብሎ ነው። እኔንና ጀማልንም የጠየቁን ይህንኑ ነው።

አዳማ ውስጥ ሞተር ማደስ ስንጀምር ያለን አንድ የቆርቆሮ ዳስና አንድ ያረጀ ቶርኖ ነበር። አለቀለት የተባለ ሞተር ሁሉ ወደኛ ይመጣል፤ የጭነት መኪናው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የመስኖ ፓምፑ። ስንውል ስናድር ሲሊንደር የሚቦረቡር ማሽን ጨመርን፣ ከዚያ ክራንክ ሻፍት የሚባለውን የሞተር ዘንግ የሚሞርድ። ሥራው ሲያድግ ታፔላ እንስቀል አልን። ያኔ ተጣላን። «ተፈራና ጀማል» ይባል ወይስ «ጀማልና ተፈራ»? አትሳቁ። ረሃብ ያላጣላን ሰዎች ቀለም አጣላን።

ተካፈልን። ጀማል ክራንክ ሻፍት መሞረጃውን ይዞ ከአስፋልቱ ማዶ ተከራየ፤ እኔ ሲሊንደር መቦርቦሪያውን ይዤ ቀረሁ። ጥርት ያለ ክፍፍል ነበር፤ ችግሩ ሞተር ለሁለት አይከፈልም። ደንበኛ ግማሹን እኔ ዘንድ፣ ግማሹን እሱ ዘንድ እያሠራ አስፋልት ይሻገር ጀመር። እኛ አንነጋገርም። ድንገት ዓይን ለዓይን ከተጋጨን እሱ ባጃጅ፣ እኔ ሰማይ እናያለን።

በዚህ መሀል ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከመቂ የፓምፕ ሞተር ይዘው መጡ። ሽንኩርታቸው ውሃ ጠምቶታል። እኔም የኔን፣ ጀማልም የሱን ሠራን። ሲገጣጠም ሞተሩ አልዞርም አለ።

«የሱ ጥፋት ነው፣ ይውሰዱለት» አልኳቸው። ተሻገሩ። ጀማል ደግሞ «የተፈራ ጥፋት ነው» ብሎ መለሳቸው። ያንን ከባድ ብረት ይዘው ሲመላለሱ ዋሉ።

በመጨረሻ ሞተሩን በፈረስ ጋሪ አስጫኑና አስፋልቱ መሀል አስቆሙት። ባጃጆች ከግራም ከቀኝም ጥሩንባቸውን ይነፋሉ።

«ሁለታችሁም እዚህ ኑ» አሉ። «ከእንግዲህ አልሻገርም። ሽንኩርቴ የናንተን ጠብ አያውቅም። ልጆቼ የሚያድሩት በሱ ነው።»

ጀማል ሲወጣ ስላየሁ ወጣሁ። እሱም የወጣው እኔ ስወጣ ስላየ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል። ጋሪው ላይ ጎንበስ ብለን መለካት ጀመርን።

«በኔ በኩል ዘንጉ ትንሽ ወፍሯል» አለ ጀማል፣ ለብረቱ እንደሚነግር።

«እኔ የቦረቦርኩት መቀመጫውም ጠቧል» አልኩ፣ እኔም ለብረቱ።

«እስኪ ልሞርደው?»

«እጠብቅሃለሁ።»

ከተለያየን ወዲህ በቀጥታ ለሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ኦቦ ገመቹ ቆመው እንኳን አልመረቁንም፤ ቸኩለዋል። ሽንኩርቱ ተረፈላቸው። ሲደርስም አንድ ጆንያ ላኩልን፣ ለሁለታችን አንድ። ልንካፈለው ጀማል ቤት ሄድኩ፤ ሚስቱ ራት ሳትበላ አልለቅህም ስላለችኝ አመሸሁ።

እንደገና መቀላቀልም አስበን ነበር። ግን ማዶም ወዲህም ሠራተኛ ቀጥረናል፣ ደንበኛውም ለምዷል፣ አንዱ ቤት ለሁለታችን አይበቃም። እንዳለን ቀረን፤ አሁን ብረቱን ይዘን የምንሻገረው እኛው ነን።

በቅርቡ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ድርጅታችን እድገት ሊጠይቀን መጣ። «መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የመስፋፋቱ እቅድ የማናችሁ ነበር?» አለን።

ጀማልን አየሁት። አየኝ።

«የሁለታችንም ነው» አለው ጀማል።

እኔም አልተቃወምኩም። ለብቻው የተጣላ ሰው የት አለ?