ስድስት ስክሪንና አንድ ጉሮሮ

የሰው ልጅ ከፈለሰፋቸው ታላላቅ ነገሮች ሁሉ ኮሚቴን የሚስተካከል የለም። ሰው ብቻውን ቢሳሳት ስንት ይሳሳታል? ኮሚቴ ግን ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ የታሸገ ውኃ ቀርቦለት ይሳሳታል። ይህን ሐቅ በተግባር ያስመሰከረው የአንድ አውቶቡስ መናኸሪያ የግራፊክስ ካርድ መራጭ ኮሚቴ ነው፤ ክብር ይስጠውና ነገሩ እንዲህ ነበር።

መናኸሪያው ስድስት መሳፈሪያ አለው። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው መሳፈሪያ እንደሚነሳ የሚታወቀው በትኬት ቆራጯ ጉሮሮ ነበር። ሾፌሩም ተሳፋሪውም «እትዬ ጥሩምባ» ነው የሚላት። ከመስኮቷ ብቅ ብላ «የወደብ፣ አራተኛ» ስትል ጣራው ላይ ያንቀላፋ እርግብ ሁሉ ይበራል፤ የወደብ ተሳፋሪም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሮጣል።

ታዲያ አንድ ሰሞን ድምፅዋ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በባትሪ አየና «መጮኽ ካላቆምሽ ድምፅሽ ጥሎሽ ይሄዳል፤ ሄዶም ላይመለስ ይችላል» አላት። ባሏ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ሐዘን ለማምጣት ሞከረ፤ ሐዘኑ ግን ቶሎ አልመጣለትም።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ቀጥ ብላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«አለቃ፣ ጉሮሮዬ አለቀ። ማይክሮፎን ይግዙልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አዘኑላት። በጉሮሮዋ ሳይሆን በአስተሳሰቧ።

«ማይክሮፎን? እኛ ወደፊት ስንገሰግስ አንቺ ወደኋላ ትጎትችናለሽ? ዘመኑ የድምፅ አይደለም፣ የምስል ነው። በየመሳፈሪያው አንድ አንድ ስክሪን እንሰቅላለን። ስድስቱም ካንቺ ኮምፒውተር ይመራሉ። አንቺ ቁልፍ መንካት ነው፤ ሕዝቡ ቀና ብሎ ያያል።»

«እኔስ አልጮኽም?»

«ትንፍሽ አትዪም።»

ይህን ሰምታ እየሳቀች ወጣች። ስድስት ስክሪን ተገዝቶ፣ ስድስት ቦታ ግድግዳ ተበስቶ፣ ስድስቱም ከተሰቀሉ በኋላ የትኬት ክፍሉ ኮምፒውተር ከአንድ ስክሪን በላይ እንደማያውቅ ተደረሰበት። መግዛት ቀድሞ ማሰብ የሚከተለው በዚያ መሥሪያ ቤት የተለመደ የአሠራር ቅደም ተከተል ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። ቴክኒሺያኑ ተጠርቶ «ምስሉን ለየስክሪኑ የሚያከፋፍል ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል» አለ። ያን ጊዜ ነው ኮሚቴው የተቋቋመው፦ ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢ፣ የንብረት ክፍሉ ሹም ጸሐፊ፣ ቴክኒሺያኑ ሙያዊ አማካሪ፣ እትዬ ጥሩምባ ደግሞ የተጠቃሚው ወገን ወኪል።

ቴክኒሺያኑ ሁለት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንደኛዋ ቀጭን፣ መዳፍ የማትሞላ፣ ማቀዝቀዣ ፋን የሌላት ዝምተኛ ነበረች። ሌላኛው ወፍራም፣ ባለ ሦስት ፋን፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ጎረምሳ።

ሥራ አስኪያጁ ቀጭኗን በሁለት ጣታቸው አነሷት። «ይቺስ ምንድን ናት?»

«ለብዙ ስክሪን ተብላ የተሠራች ናት ጌታዬ። ስድስት መሰኪያ አላት።»

«ያኛውስ?»

«እሱ የጌም ነው። ኃይለኛ ነው፤ ጦርነት ነው የሚጫወቱበት።»

«ጦርነት የቻለ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ያቅተዋል?»

የንብረት ክፍሉ ሹም ስሜታዊነት ሥራን እንዳይበድል ብሎ «በዓይን አይወሰንም፤ ይመዘን» ሲል ሐሳብ አቀረበ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይገርመው። በዚያ መናኸሪያ ሁሉ ነገር በሻንጣ ሚዛን ነው የሚዳኘው። የቢሮ ወንበር ሲገዛ ይመዘናል። ዓመታዊ ሪፖርት ከመነበቡ በፊት ይመዘናል፤ ከበድ ካለ ሳይነበብ ይመሰገናል። ስለዚህ ኮሚቴው ሁለቱን ካርድ ይዞ በሰልፍ ወደ ሚዛኑ ወረደ። ቀጭኗ ስትቀመጥ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሚዛኑ እንኳ አላወቃትም» አሉ ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ።

ጎረምሳው ሲቀመጥ ቀስቱ ብድግ አለ። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ።

«ግን እኮ ጌታዬ፣ እሱ ያለው መሰኪያ አራት ብቻ ነው» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ፋኑስ?»

«ፋኑ ሦስት ነው።»

«አራትና ሦስት ሰባት። ስክሪናችን ስድስት። እንዲያውም ይተርፈናል።»

ቴክኒሺያኑ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ አብሮ ደመረ። የተጠቃሚው ወኪል አስተያየት ስትጠየቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ከኮሚቴው የተሻለ ነገር አላሰበችም። ትኬት ክፍሏ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ «ፋን ካለው ለኔም ይደርሰኛል» ብላ እጇን አወጣች።

ደረሳትም። ጎረምሳው ኮምፒውተሩ ውስጥ አልበቃ ስላለ ሳጥኑ እንደተከፈተ ቀረ። ፋኖቹ ሲነሱ ዳገት እንደያዘ አሮጌ አውቶቡስ ያጓራሉ፤ የሚተፉት ነፋስ ደግሞ የጋለ ነው። ስክሪኖቹ አራቱ በሩ፣ ሁለቱ ጨለሙ።

ቴክኒሺያኑ «ከአራተኛው ለአምስተኛው፣ ከሦስተኛው ለስድስተኛው በኬብል ልክፈለው? ግን ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያሳዩት» አለ።

«ይበልጥ ጥሩ። ያልገባው ደግሞ ያየዋል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁም መናኸሪያው ከጩኸት ወደ ምስል የተሸጋገረበት ዕለት መሆኑን በሰፊው፣ ፋኖቹ ስላጓሩባቸውም እየጮኹ አስረዱ። ከዚያ ሕዝቡ ቀና ብሎ አየ፤ እንዳየውም ተሳፈረ። ለሠርግ ወደ ወደብ የሚሄዱ ሚዜዎች በአምስተኛው መሳፈሪያ ላይ «ወደብ» የሚል አንብበው እዚያ የቆመው አውቶቡስ ላይ ወጡ። አውቶቡሱ የማዕድን ማውጫው ነበር። ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲወርዱ ጠባቂው ምንም ሳይጠይቅ ሄልሜት አደላቸው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ በበኩላቸው ስድስቱንም ስክሪን ቢያስሱ መሥሪያ ቤታቸውን ስላጡት አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም አሉ፤ በዕለቱ መናኸሪያው የረዳው ሕዝብ ቢኖር እነሱ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ትኬት ክፍሉ በሩጫ መጡ።

«እትዬ ጥሩምባ፣ ውጪና ለሕዝቡ አስረጂ።»

«ምን ብዬ?»

«ስክሪኑ ትክክል እንደሆነ። አምስተኛና ስድስተኛው ላይ ግን እንዳያምኑት።»

«ትንፍሽ አትዪም ብለውኝ አልነበር?»

«እሱ ዕቅዱ ነው። ይሄ አፈጻጸሙ ነው።»

«በቃ ይጥፋና ልገላገል።»

«ከጠፋ ሰው ምን ያያል?»

«አውቶቡሱን።»

መልሱ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ሆኖ ስለተገኘ ታለፈ። ቀድሞ ለአንድ አውቶቡስ አንድ ጊዜ የምትጮኸው ሴትዮ አሁን ሁለት ጊዜ ሆነባት፦ አንዴ አውቶቡሱን ለመጥራት፣ አንዴ ስክሪኑን ለማስተባበል፤ ያውም ከሦስት ፋን በላይ። ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏን የምታናግረው በጥቅሻ ሆነ። ባልየው መጀመሪያ ደስ አለው፤ ቆይቶ ግን ዝምታው ጭንቅ ሆነበትና ማር በሞቀ ውኃ ያቀርብላት ጀመር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች መጡ። ስድስት ስክሪን ሲበራ አዩ። ቀይና ሰማያዊውን መብራት አዩ። ሕዝቡ ቀና ብሎ ሲያይ፣ ከዚያም አንዲት ሴት ስትጮኽ ሰምቶ ወደ ትክክለኛው አውቶቡስ ሲሄድ አዩ። አንድም ሰው መንገድ አልሳተም። ግምገማውም «ምስልና ድምፅን ያቀናጀ፣ ስሕተት አልባ፣ ወደ ሌሎች መናኸሪያዎች ሊሰፋ የሚገባው አሠራር» የሚል ሆነ።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ውሳኔውን አነበቡ፦ ከእንግዲህ እያንዳንዱ መናኸሪያ አንድ ከባድ ካርድ፣ ስድስት ስክሪንና አንድ ጉሮሮዋ የጠነከረ ሴት ይኖረዋል። ጯኺዎቹን ሴቶች የምታሠለጥነው እትዬ ጥሩምባ ትሆናለች።

«ተቃውሞ ያለው?»

እሷ ተነሳች። የምትለውን ሳምንት ሙሉ ስትደረድር ነው የከረመችው፤ ከተደረደረውም አንዱ እንኳ ለጆሮ የሚመች አልነበረም። አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገመች። አሁንም ያው። እጇን አወናጨፈች፣ ደረቷን መታች፣ ጉሮሮዋን አሳየች።

«ደስታው አፏን ያዘው» አሉ ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ተቃውሞ ስላልተሰማም ውሳኔው ጸደቀ።

በማግስቱ የወደቡ አውቶቡስ መነሻ ደረሰ፤ የሚጮኽ የለም። ሕዝቡ በስክሪኖቹ ሥር ይተራመሳል። ሠልጣኞቹ ገና አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ፣ ከአምስተኛው ስክሪን ሥር ቆመው «የወደብ… አራተኛ» አሉ፤ የእሳቸውን ድምፅ የሰማ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ እሱም ሳቀ።

አሠልጣኟ በመስኮቷ ወንበሯን አመቻችታ ተቀምጣለች። እጇን ጆሮዋ ሥር ደገነችና አንገቷን ነቀነቀች፤ አልተሰማም፣ ይደገም ማለቷ ነው።

ሥራ አስኪያጁም ደረታቸውን ነፍተው ደገሙ።