ደጅ የሚጠናው አፕዴት

[አንዲት ጠባብ ላውንደሪ ቤት። ሚስት ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ባል ኮምፒውተሩ ፊት ተጎልቷል። ልብሶቹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማን እንደሆኑ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። ባል ደግሞ፣ እድሜ ይስጠውና፣ የማያውቀው ነገር የለም።]

ሚስት፦ ኧረ ተው! እንደ ዝንብ እሽ አትበለው። ምን በደለህ?

ባል፦ «አፕዴት ላድርግ?» እያለ ሲነዘንዘኝ ምን ልበለው? «በኋላ» አልኩት።

ሚስት፦ ትናንትም «በኋላ» ብለኸዋል። «እባክዎ» እያለህ እኮ ነው።

ባል፦ አይ የኔ የዋህ! ሌባም «እባክዎ» ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ሚስት፦ የላኩት ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አይደሉም እንዴ?

ባል፦ ስሚ፣ ሃከር ማለት ዘመናዊ ሌባ ነው። ዘመናዊ ሌባ አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ ምን ሊለቅም ይገባል?

ሚስት፦ አሮጌ በር ግን ቶሎ ይገነጠላል…

ባል፦ በር ሌላ፣ ኮምፒውተር ሌላ!

ሚስት፦ እሺ፣ ቢገባስ? የደንበኛ ካፖርት ይወስዳል?

ባል፦ ካፖርት ምን ያደርግለታል? መዝገቡን ይቆልፍና «ካልከፈላችሁኝ አልከፍትም» ይላል።

ሚስት፦ ታዲያ ቁልፍ ሠሪ እንጠራለና!

ባል፦ ወይ አምላኬ፣ ከማን ጋር ነው ያጋባኸኝ!

[ስልክ ይጮኻል። ባል ያነሳል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል።]

ባል፦ ጉድ ፈላ! የወንድሜ የጋሼ ላውንደሪ ኮምፒውተር ተጠለፈ። ፕሮግራሙ ደግሞ ከኛ ጋር አንድ ነው። ነገ የሚሞሸረው ልጅ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሱሪ ይዞ ቆሟል አሉ።

ሚስት፦ የኛስ? ቶሎ እየው!

ባል፦ [መዝገቡን ከፍቶ] አለ! ሁሉም ስም አለ! ተመስገን! አየሽ? እኔ ባልጠነቀቅ ኖሮ ዛሬ ወጥመድ ውስጥ ነበርን።

ሚስት፦ [ካውያውን አስቀምጣ] አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትቆጣ።

ባል፦ በዚህ ቀን ማን ይቆጣል?

ሚስት፦ አንተ ምሳ በልተህ ጋደም ስትል፣ እኔ «እሺ» እለዋለሁ።

ባል፦ ማንን?

ሚስት፦ አፕዴቱን ነዋ። አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትለው አንጀቴን በላኝ። ሰው ደጅ ቆሞ ሲለምን ዝም ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። አንዴ «እሺ» ስለው ሥራውን ሠርቶ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ባል፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] ከመቼ ጀምሮ?

ሚስት፦ ከገዛነው ጀምሮ። ግን ወንድም ጋሼ ምን ነካው? እሱ እኮ ጠንቃቃ ነው።

[ባል ጆሮውን ያካል።]

ሚስት፦ አንተ…

ባል፦ አፕዴቱን ከነጭራሹ የዘጋሁለት እኔ ነኝ።

ሚስት፦ ለምኖህ?!

ባል፦ የለም፣ በራሴ ደግነት።

[በሩ ይደበደባል። ሚስት በመስኮት ታያለች።]

ሚስት፦ መጣልህ። ኮምፒውተሩን ታቅፏል፤ ሙሽራው ከኋላው ነው። «አዋቂው ወንድሜ የታለ?» እያለ ነው።

ባል፦ [ዘሎ ካውያውን ይይዝና ሸሚዙ ላይ ያቀረቅራል] አዋቂዋ አንቺ ነሽ! እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ!

ሚስት፦ እሺ፣ የኔ ተኳሽ። የካውያውን ሶኬት ግን ከነቀልኩት ቆይቷል።