ከአምናው ፋይል የተገለበጠ ዓመት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ወደ ቢሮዬ ለመውጣት ደረጃውን ወረድኩ።

ቢሮዬ ከአቶ ሽመክት ዳቦ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የምኖረውም በእሳቸው ግቢ ተከራይቼ ነው። እኔና ትርሲት የግራፊክስ ዲዛይን ሥራ ከጀመርን አራት ዓመታችን ሲሆን፣ የሠርግ ካርድና የምግብ ቤት ሜኑ፣ በየዓመቱ ደግሞ የአቶ ሽመክትን ካላንደር እንሠራለን። ሕልም ውስጥ ሆኜም የምቸኩልበትን ጉዳይ አልረሳሁትም። ባለፈው ሳምንት ትርሲት የአራቱን ዓመት ዕቅዶቻችንን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ «ደምሰው፣ በየዓመቱ የአምናውን ፋይል ከፍተህ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የምትቀይረው» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ተራ ቁጥር አንድ፣ ደንበኞቻችንን በእጥፍ እናሳድጋለን። ተራ ቁጥር ሁለት፣ ሰፊ ቢሮ እንከራያለን። ተራ ቁጥር ሦስት፣ የራሳችንን የፊደል ቅርጽ እንጨርሳለን። ፊደሉን የምትሥለው እሷ ናት። ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ስድስቱን ሥላ ገ ላይ ቆማለች፤ ያስቆማት እኔ በላይ በላዩ የምጭንባት አስቸኳይ የሠርግ ካርድ ነው።

«ጳጉሜ ሳታልቅ አዲስ ዕቅድ በእጅህ ጻፍ» አለችኝ። «ሦስተኛውን ወይ የምር አድርገው ወይ አውጣው። የተገለበጠ ካየሁ ሌላ ቤት ሄጄ እሠራለሁ።»

ወርጄ ወርጄ ላይ ደረስኩ። አቶ ሽመክት ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጠው ካላንደር ይሠራሉ። ላባቸው ከዱቄቱ ጋር ተቦክቶ ግንባራቸው ላይ ሊጥ ሆኗል። የከተማው ዲዛይነሮች በሙሉ ከኋላቸው ቆመዋል።

«ትንሽ ሞቅ ይበል» አለ አንዱ።

«ሞቅ ብሎ ነበር እኮ ጌታዬ። ቀዝቀዝ ይበል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሞቅ ብሎ ቀዝቀዝ ይበላ!»

አቶ ሽመክት ወደ እኔ ዞሩ። «ደምሰው ልጄ፣ አንተ እንኳ ተዉ በላቸው። ይኼ ዐሥራ አራተኛ ማስተካከያዬ ነው።»

«ቆንጆ ነው» አልኳቸው። እዚያ ላይ ዝም ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ ሲመጣልኝ እነግርዎታለሁ።»

አለቀሱ። ላጽናናቸው ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ አልነበረኝም። ወረቀት ልገዛ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ የወረዳ ሠራተኞች ፋይላቸውን ታቅፈው አንዲት ጎመን ሻጭ ፊት ተሰልፈዋል። «እማማ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ» ይላል ከፊት ያለው። ሴትየዋ ጎመኗን እየበጠሰች፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለስ» አለችው። ኃላፊው በግ ነበር። ከሌሎች በጎች ጋር ሆኖ በበዓል ገበያ መካከል ያልፋል፤ ሰዎቹ በገመድ ታስረው ቆመዋል። አንዱ በግ ጠጋ ብሎ ወገቤን በኮቴው ዳበሰኝ።

«ይኼ ከሲታ ነው» አለ።

«ግራፊክስ ነኝ» አልኩት።

«ያስታውቃል» አለና አለፈኝ።

የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ሰውዬ ባዶ ወረቀት የለም አለኝ። «ዘንድሮ ተጽፎበት ነው የሚመጣው።» አንድ እሽግ ፈታሁ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የእኔ ዕቅድ ታትሟል፤ የሚለያዩት በዓመተ ምሕረት ብቻ ነው። «የሚቀጥለው መቶ ዓመት ነው» አለኝ ሰውዬው። «ለልጆችህም ይተርፋል።»

ሮጥኩ። ወረቀቶቹ ተከተሉኝ። ያገኘሁትን በር ገፍቼ ስገባ የግምገማ አዳራሽ ሆነ። ዕቅዶቼ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ተገምጋሚው እኔ ነኝ። ተራ ቁጥር አንድና ተራ ቁጥር ሁለት ከረባት ያሰሩ ወፍራሞች ናቸው፤ እርስ በርስ ይጨባበጣሉ እንጂ አላዩኝም። ተራ ቁጥር ሦስት ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። አፉን ሲከፍት ጥርሶቹ የትርሲት ፊደላት ነበሩ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ እስከ ገ። ከዚያ ወዲያ ድድ ነው።

«ስንት ዓመቴ ይመስልሃል?» አለኝ።

«አራት ነው፣ አባቴ።»

«በአራት ዓመቴ ምርኩዝ አስያዝከኝ! ሦስት ጊዜ ገለበጥከኝ። ሰባት ጥርስ አጥቼ በሾርባ እኖራለሁ።»

«ዘንድሮ ግን በእርግጠኝነት…»

«ይኼንንም ገልብጠኸዋል» አለኝ።

በመካከሉ ትርሲት መሣያ ሰሌዳዋን ተሸክማ አለፈች። ደረጃውን በወጣች ቁጥር ቁልቁል ትርቃለች።

«ትርሲት፣ ቆይ! አንድ ቀን ስጪኝ!»

«ቀን የምታድለው አንተ አይደለህ?» አለችና ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ጠቆመች።

የጳጉሜን ገጽ ገለጥኩ። አምስት ቀን። ሌላ ቀን ፍለጋ ወረቀቱን በጥፍሬ ቧጠጥኩ፤ ገልብጬም ጀርባውን አየሁ። የለም። ሽማግሌው ወለሉን በምርኩዙ መምታት ጀመረ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ጠረጴዛው ላይ የሚንቀጠቀጠው ስልኬ ነበር። ነግቷል። የደወለችው ትርሲት ናት። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የእኛው ካላንደር ጳጉሜ አምስት ላይ ያበቃል፤ ጳጉሜ ትናንት አልቃለች ማለት ነው።

«እንኳን አደረሰሽ» አልኳት።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«መስከረም አንድ።»

የሰማሁት ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። «ደምሰው፣ ዘመኑ እኮ ሉቃስ ነው። ዛሬ ጳጉሜ ስድስት ነው። ካላንደሩንም ከአምናው ፋይል ነው የገለበጥከው!»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«አቶ ሽመክት ዳቦ ቤቱን ዘግተውታል» ቀጠለች። «ድፎ ዳቦ ያዘዘው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፏል። ሚስታቸው በዓሉ ነገ ነው ብትላቸው፣ ስሜ ከታተመበት ካላንደር አንቺ ትበልጫለሽ? አሏት። በጉንም አርደዋል።»

«ታዲያ ጳጉሜ አላለቀችማ።»

«አላለቀችም። ዕቅዱን ጻፍክ?»

ወረቀቱ ትራሴ አጠገብ ነበር። ከመተኛቴ በፊት፣ እንዳለችው በእጄ፣ ምንም ፋይል ሳልከፍት ጽፌዋለሁ። አነበብኩት። አንድ፣ ደንበኞቻችንን በእጥፍ እናሳድጋለን። ሁለት፣ ሰፊ ቢሮ… እስከ አራት ነጥቡ ድረስ የአምናው ነው።

እስክሪብቶ ፈልጌ አንደኛውንና ሁለተኛውን ሰረዝኩ።

«ጻፍክ ወይ?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው» አልኳት። «ከነገ ወዲያ ከጠ ትጀምሪያለሽ። የሠርግ ካርዱን እኔ እሠራለሁ።»

«ይኼኛውን ደግሞ ከየት ገለበጥከው?»

ስልኩን እንደያዝኩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ሽመክት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ካላንደሩን ጠቅልለው እንደ ዱላ ይዘው ቆመዋል።

«እንኳን ለጳጉሜ ስድስት አደረሰህ» አሉኝ።