መመሪያው እኔን ሊያድስ መጣ

ሌሊት ያየሁት ሕልም በር በማንኳኳት ጀመረ። ሁለት ዓመት በተከራየሁት ክፍል በሬን ያንኳኳ ሰው ስለሌለ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጀመሪያ የከፈትኩት ቁም ሣጥኑን ነው። ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ የቆመው መመሪያው ነበር።

መመሪያውን አውቀዋለሁ። ከመተኛቴ በፊት አርሜ የላክሁት እሱን ነው። “ስንዱ” የሚባል፣ ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍታቸውን መጻሕፍት የሚመዘግቡበት ፕሮግራም አለ። ማንም በነጻ ይወስደዋል፤ የቻለ ደግሞ ያሻሽለዋል። እኔም ከተመረቅሁ ወዲህ፣ ሥራ እስካገኝ ብዬ፣ መመሪያዎቹን በፈቃደኝነት አስተካክላለሁ። ተጠቃሚዎቹ በኢሜይል የሚወያዩበት ዝርዝር አላቸው። ወደ ዝርዝሩ ለመግባት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የመመዝገቢያው መመሪያ ግን ሰዎችን የሚልካቸው ከተዘጋ ዓመታት ወዳለፉት አድራሻ ነበር። ስንት ሰው ወደዚያ ጽፎ መልስ ሲጠብቅ እንደኖረ አላውቅም። እንደገና ጻፍኩትና ላክሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በአዲሱ መንገድ ከሚገቡት አንዱ ምናልባት ሁለት መስመር ይጽፍልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በሥራው ላይ ሦስት ወር ስቆይ ማንም ጽፎልኝ አያውቅም።

በሕልሜ መመሪያው ሸምገል ያለ ነበር። ወረቀት ነው፣ ግን ኮት ለብሷል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ማደሱን ብንጀምር ይመችሻል?” አለኝ።

“ምኑን ነው የሚያድሱት?”

“አንቺን ነዋ። ትናንት አንቺ እኔን አደስሽ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ቁጭ በይ።”

ያለችኝ አንዲት ወንበር ስለሆነች እኔ ተቀመጥኩ፣ እሱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቀይ እስክሪብቶ አወጣና ከላይ እስከ ታች አነበበኝ።

“‘ደህና ነኝ’ የሚለው መስመርሽ የቆየ ነው” አለ። “ተጭኜው ነበር፤ እንደ ድሮው አድራሻዬ የትም አይወስድም።”

“ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ነው።”

“አውቃለሁ። አጥፍተነዋል። ‘ሥራ በዝቶብኝ ነው’ የሚለውስ?”

እስክሪብቶውን ልይዝበት እጄን ዘረጋሁ።

“እሱንም አጥፍተነዋል።”

ሲጨርስ ከእኔ የቀረው ስሜና አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ።

“ምንታምር፣ የታደስሽው አንቺ ይቺ ነሽ። ግን ሕግ አለ። አንድ ሌላ ሰው ‘አንብቤአታለሁ’ ብሎ ካልፈረመበት ማንም አይጸድቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስፈርሚ።”

“ካላስፈረምኩስ?”

“መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።”

“እዚያ ምን ያደርጉኛል?”

“ምንም” አለ ባርኔጣውን እየደፋ። “ለዚህ እኮ ነው የሚያስፈራው።”

ገጼን ይዤ ወጣሁ። ከተማው ደሴ ነው፣ ግን ዳገቱ ቁልቁለት ሆኗል፤ ቁልቁለቱን ለመውረድ ደግሞ እንደ ዳገት ማለክለክ ያስፈልግ ነበር። በየግቢው በር የቀበሌ ሠራተኞች ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት ከግቢዋ ውስጥ ልብስ እያጠበች ቀና ሳትል ታነጋግራቸዋለች።

“ዛሬ ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ።”

“እመቤቴ፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ነው ያሉን” አለ ከፊት ያለው ሠራተኛ። “አንዲት ፊርማ ብቻ ናት።”

“እኔ ምን ላድርግህ ልጄ። የሚፈርመው እጄ ስብሰባ ሄዷል።”

ሠራተኞቹ አልተቆጡም። እርስ በርሳቸው ወረቀታቸውን እያሳዩ፣ “የጎደለህ እኮ የልደት ካርድ ነው” ይባባላሉ። መጨረሻ ላይ ወደቆመው ሰውዬ ጠጋ ብዬ ገጼን ዘረጋሁለት።

“ይቅርታ፣ ቢያነቡልኝ ብዬ ነበር። አጭር ናት።”

“የሰው ጉዳይ ማንበብ ትተናል እኮ እህቴ” አለኝ በትሕትና። “አሁን ባለጉዳዮቹ እኛ ነን።” ተራውን እንዳልወስድበት ግን ትንሽ ወደ ፊት ተጠጋ።

ከሰልፉ ጀርባ ያለው በር የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሆነ። መደርደሪያዎቹ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው፤ በየአንገታቸው ቁጥር ተንጠልጥሏል። መጻሕፍቱ በመደዳዎቹ መካከል ቀስ ብለው እየተራመዱ ሰው ይመርጣሉ። አንድ ቀጭን የሰዋስው መጽሐፍ አንድን ወፍራም ሰው ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሊወጣ ሲል፣ ሽፋኗ የተገነጠለ የአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ ከጠረጴዛዋ ኋላ፣ “ዐሥራ አራት ቀን ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው” አለችው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እሷ ነበረች።

ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አከራዬን እትዬ ደብሪቱን አየኋቸው። እግራቸውን አንጠልጥለው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

“እትዬ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?”

“ከውሰት መመለሴ ነው። አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሁለት ሳምንት ይዞኝ ከረመ። ጨዋ ነው፤ አንድም ቦታ አላጠፈኝም። አንቺስ?”

“ፊርማ ፈልጌ ነው። ‘አንብቤአታለሁ’ ብለው ቢፈርሙልኝ።”

ቆሎ መቆርጠሙን አቆሙ።

“አንቺን? ኧረ ወዲያ። ሁለት ዓመት ግቢዬ ስትኖሪ የማውቀው ጀርባሽን ነው። ‘ደህና አደሩ’ ትይኛለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ። ሽፋን አይቼማ አልፈርምም። ውሸት ለማን ይበጃል?”

“ማስቸገር ስለማልፈልግ ነው።”

“አስቸግሪኝ ብዬሽ አላውቅም?”

“ብለውኝ ያውቃሉ።”

“ታዲያ” አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ቁጥራቸውም ከዓይኔ ተሰወረ።

ባዮሎጂዋ ጠራችኝ። መሳቢያዋን ከፍታ የእኔን ካርድ አወጣች።

“ንጹሕ ነው” አለች። “አንድም ማኅተም አልነካውም።”

እንደ ተማሪነቴ ጊዜ ደስ አለኝ።

“ደስ አይበልሽ። ንጹሕ ነው ማለት ማንም አልተዋሰሽም ማለት ነው።”

“ዛሬ በውሰት መሄድ እችላለሁ?”

“ለውሰት ልምድ ይጠየቃል።”

“ልምዱን ከየት አመጣለሁ?”

“በውሰት ስትሄጂ ታገኚዋለሽ” አለችና መሳቢያውን ዘጋችው።

ስወጣ መንገዱ ላይ ጣሪያዋ ላይ ሞንታርቦ የተጫነባት መኪና ቆማለች፤ ሾፌር የላትም። በዚያ ጎዳና ላይ አፍ አውጥተው የሚናገሩት እንደማይሰማ፣ የሚሰማው የታሰበው ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሞንታርቦው የእኔን ሐሳብ በወንድ ድምፅ ለከተማው ያስተላልፍ ጀመር።

“ማስታወቂያ። ምንታምር የተባሉ ግለሰብ አንድ አንባቢ ይፈልጋሉ። ገጹ አጭር ነው። አያስቸግርም። ያነበበ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ አይገደድም።”

መስኮቶች ተከፈቱ፣ ሰዎች አዩኝ፣ መስኮቶች ተዘጉ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። እንዳላስብ ብዬ ጫማዬን እያየሁ ሄድኩ፤ መኪናዋ ከኋላዬ እየተከተለች፣ “ጫማው መጥረጊያ ያስፈልገዋል” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “ዝርዝሩ ጋ ብሄድስ? ቢያንስ እነሱን አውቃቸዋለሁ” አለች። ሐሳቤን የሰማሁት ከእሷ ነው። ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ማዘንበል ጀምራለች።

የኢሜይል ዝርዝሩ አባላት በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ሁሉም ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ ያለው ዳግማዊ ነው፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ። ፊቱን አይቼው አላውቅም። የላክሁለትን ሥራ ሁሉ የሚመልሰው ወደ ላይ በቀና አውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንገቱ በላይ አንድ ትልቅ አውራ ጣት ሆኖ ሳየው አልደነቀኝም።

በዚያ አዳራሽ መልስ ከጥያቄ ይቀድማል። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ “አዎ፣ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ፣ አሁንም አልሠራም” አለ።

“መልሱ ተመዝግቧል” አለ ዳግማዊ። “ጥያቄውን የያዘ?”

ማንም የለም።

“እንግዲያው መልሱ ይቆይ። ቀጣይ።”

“የይለፍ ቃሉ በትልቅ ፊደል ነው!” አለች አንዲት ሴት።

“ጥያቄውን የያዘ?”

ሴትዮዋ መልሷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ እጄን አወጣሁ።

“ጥያቄ አለኝ።”

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጥያቄ ካዩ ዓመታት ሳይሆናቸው አልቀረም። ደጅ የቆመችው መኪና እኔን ቀድማ፣ “ያነበባት አለ?” ብላ ጠየቀችልኝ። ሁሉም የያዙትን መልስ ያገላብጡ ጀመር።

“‘አዎ’ የሚል መልስ የያዘ የለም?” አለ ዳግማዊ።

“የእኔ ‘ነቅለሽ ሰኪው’ ነው የሚለው” አለ አንዱ ሰውዬ ከልቡ አዝኖ። “ከጠቀመሽ ውሰጂው።”

አመስግኜ ወሰድኩት። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ዳግማዊ ከመድረኩ ወርዶ አጠገቤ መጣ። አውራ ጣቱ ከፍ ዝቅ አለ።

“ፈረሙልኝ ማለት ነው?” አልኩት።

“እኔ ሁልጊዜ ነው የምነቀንቀው።” አፉ ጥፍሩ ሥር ነበር።

“አንብበውት ነው?”

“ልዩነት አለው?”

“ለእኔ አለው” አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ብዬ አላውቅም። የሚገርመው፣ ያለ ሞንታርቦ ተሰማ።

የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

“የእኔም አልተፈረመበትም” አለ። “ስንት ዓመቱ። ሁሉም ፈርምልኝ ይለኛል እንጂ።”

ተቀብዬ አነበብኩት። “ይህን ፕሮግራም የጀመርኩት መጻሕፍት ለመመዝገብ አልነበረም” ይላል የመጀመሪያው መስመር። “ከሥራ በኋላ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ነው።” ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም፤ የእሱ ነው። ሳልዘል እስከ መጨረሻው አነበብኩና ከታች ፈረምኩለት። በጣቱ ቆዳ ላይ እንደ ቅንድብ ያሉ ሁለት መስመሮች ብቅ አሉ።

“እስቲ ያንቺን አምጪው” አለ።

ሰጠሁት። መነጽር አውጥቶ ጥፍሩ ላይ አደረገ። በመስኮቱ ሳይ ፀሐይ የጦሳን ጫፍ ነክታለች።

“ጮክ ብዬ ላንብበው?”

“ቀስ ብለው” አልኩት።

“ምንታምር” ብሎ ስሜን አነበበ። ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያኔ ትራሴ ሥር ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ነቃሁ። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ የሚጠብቀኝ ሥራ ስለሌለ የሚቀሰቅሰኝም የለም። ስልኩ አላቆመም። ኢሜይሌን ስከፍት ዐርባ አንድ አዲስ መልእክት አለ፤ ሁሉም ከማላውቃቸው ሰዎች። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ዐርባ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተነሥቼ ፀጉሬን አስያዝኩ፤ ሹራቤን ደረብኩ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ከፈትኩት።

ርእሱ “መመዝገብ” ይላል። ውስጡ ባዶ ነው። ሁለተኛውም “መመዝገብ” ይላል። እሱም ባዶ ነው።

አምስተኛው ላይ ገባኝ። መመሪያውን ስጽፍ፣ የዝርዝሩ አድራሻ በሚገባበት ቦታ ለሙከራ የራሴን ኢሜይል አስገብቼ ነበር። ሳልቀይረው ላክሁት። ዳግማዊም እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አሳይቶ አጽድቆታል፤ ጠዋት ደግሞ ፕሮግራሙን ለሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች በሙሉ አሰራጭቶታል። ከአድራሻው ሥር፣ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ፣ በደማቅ ፊደል የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ ርእሱን “መመዝገብ” ይበሉ፤ በመልእክቱ ውስጥ ምንም አይጻፉ።

ቢሆንም ዐርባ ሁለቱንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንድ ሰው እንኳ ትእዛዙን ሳያከብር ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው። አከበሩት። ሁሉም።

የመጨረሻው ብቻ አባሪ ነበረው። ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ከአቶ ወንድይፍራው የተላከ ነው። በነጭ ወረቀት በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ልከውታል፤ ቁጥርና ቀን አለው፣ ፊርማው ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል። እንዳይጠፋብኝ የፈራሁ ይመስል ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አጎላሁት።

“ጉዳዩ፦ ምንም አለመጻፍን ይመለከታል።

በተሰጠን መመሪያ መሠረት በመልእክቱ ውስጥ ምንም ያልጻፍን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህር ጽሕፈት ቤት።”