ለአማቾች የቀረበ ቀዝቃዛ መኮሮኒ

ትኩስ ምግብ ጉድለቱን በእንፋሎቱ ይሸፍናል። ቀዝቃዛ ምግብ ግን ምን መሸሸጊያ አለው? ራቁቱን ነው የሚቀርበው፤ የሠራውም ሰው አብሮት ራቁቱን እንደቀረበ ይቁጠረው። እኔ ይህን የተማርኩት ልጄን ሃያትን ለትዳር ሊጠይቁ የወንዱ ቤተሰቦች ከአስኮ እኛ ቤት፣ ዓለም ባንክ ድረስ በመጡ ዕለት ነው።

ባለቤቴ ሙኒራ ከዶሮው ጋር ግብግብ ላይ ነበረች። "ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር" ስትል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ለእኔ ተዪው" አልኳት። መኮሮኒ ቀቅዬ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅሁ። ካሮትና ቃሪያ ከትፌ፣ ቱና ጨምሬ፣ በማዮኔዝና በእርጎ ለወስኩት። ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። ቀመስኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ራሴን አደነቅሁ። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ እንደ ቤተ መንግሥት ዘበኛ አጠገቡ ቆምኩ።

መብራት ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሆነ። ማዮኔዝ ሙቀት ካገኘው ሆድ ያበላሻል ሲባል የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ፍሪጁን ልክፈተው? ቅዝቃዜው ይወጣል። ካልከፈትኩትስ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ? በመጨረሻ አውጥቼ፣ "ልድፋው እንዴ?" ብዬ ሙኒራን ጠየቅኋት። "ሰዎቹ በር ላይ ናቸው!" ብላ ከእጄ ነጥቃኝ ወጣች።

የልጁ አባት ሐጂ ከማል ዶሮውን በአክብሮት ቀመሱ፤ መኮሮኒው ላይ ግን ሰፈሩበት። ደገሙ። ሊሠልሱ ሲሉ፣ "ሐጂ፣ ዶሮውን ይጨምሩ እንጂ" ብዬ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት። ሙኒራ በዓይኗ ገደለችኝ። አማች ሊሆን የመጣን ሰው ምግብ የሚነፍግ አባት! መለስኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂን ላብ አጠመቃቸው። ይቅርታ ጠይቀው ባኞ ቤት ገቡ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። የልጄ ትዳር በእኔ ማዮኔዝ ሊፈርስ ነው! የትኛው ሐኪም ቤት ይቀርባል? ታክሲስ ከየት ይገኛል? እንዲህ ስብሰለሰል ሐጂ ተመለሱ፤ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው። ምን ይላሉ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ሆድዎን እንዴት አደረገዎት?" አልኩ።

ሐጂ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ሳቁ። "ሆዴማ ደህና ነው። ይቺን ንግግር እንዳልረሳት ፈርቼ መስታወት ፊት ስለማመድ ነው የቆየሁት። ለመሆኑ ይሄ መኮሮኒ የማን እጅ ነው?"

አፌን ከመክፈቴ ሙኒራ፣ "የሃያት ነዋ!" አለች። እንቁላል መጥበስ የማትችለው ልጄ አንገቷን ደፋች፤ ሐጂ ጨዋነቷን አይተው "ማሻአላህ" አሉ።

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ሐጂ ግን ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር የምራታቸውን መኮሮኒ ይጠይቃሉ። ምን ላድርግ? በማለዳ ተነሥቼ እሠራለሁ፤ ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ አስኮ እወርዳለሁ፤ በጓሮ በር ለሃያት አቀብዬ፣ ዞሬ በዋናው በር እንግዳ ሆኜ እገባለሁ። ሐጂም በገዛ እጃቸው ሞልተው ያቀርቡልኛል።

"ይብሉ እንጂ!" ይሉኛል፣ ከልባቸው እያዘኑልኝ። "እሷን ከዳሩ ወዲህ ይሄን ከየት ያገኙታል?"