ልጆች ከነላስቲካቸው የሚተከሉበት ትምህርት ቤት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነታችሁን ነው። እኔን ግን ሌሊቱ አላስተኛኝም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ልጅ ለማስመዝገብ ወረፋ ይዤ ነበር፤ እንቅልፍ ያጋደመኝም እዚያው ወረፋው ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ ልጆቼ፣ እናንተም ነገ ልጅ ታስመዘግባላችሁና። እኛ ሰፈር፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። "ለምለም ምድር" ይሉታል። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ የመምህራኑም ደመወዝ የመንግሥት፤ የሚያስተዳድረው ግን አንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ነው። ልጆቹ ፊደሉንም ቁጥሩንም የሚማሩት በአፈርና በውኃ፣ በዛፍና በወፍ ነው አሉ። ክፍያ የለውም። ፈተናም የለውም። ልጁ ሰባት ዓመት ይሙላው፣ የልደት ካርድና የክትባት ካርድ ይያዝ፣ ወላጅም አልፎ አልፎ መጥቶ ችግኝ እኮተኩታለሁ ብሎ ቃል ይግባ፤ በቃ ይኸው ነው። ቀድሞ የመጣ ይገባል፤ ቦታው ሲሞላ በሩ ይዘጋል።

የልጅ ልጄ ሰዓዳ ሰባት ዓመት ሞላት። እናቷ፣ ልጄ ከድጃ፣ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነበረችና ማስመዝገቡ በኔ ላይ ወደቀ። ሌላው ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ስላችሁ እንዲሁ መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ የጭነት መኪና ሲወርድበት ውሎ ሲወርድበት የሚያድር ነው። አምና የጎረቤታችን የዘምዘም ልጅ ደብተሩን በጉያው እንደያዘ እዚያው አስፋልት ላይ ቀረ። ሰዓዳ "ለምለም ምድር" ካልገባች ያንን መንገድ ጠዋትም ማታም መሻገሯ ነው። የኔ ጉልበት ደግሞ እንኳን ሰው ሊያሻግር ራሴንም ከመስጊድ አድርሶ መመለስ አቅቶታል።

እናማ አጥሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሰዓዳ አጠገቤ ጠጠር ትጫወታለች። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ዓይኔን ለአፍታ ጨፈን ላድርግ ብዬ ጨፈንኩ።

ወዲያው በሩ ተከፈተ፤ ሰልፉም ተገለበጠ። ውጭ የነበርነው ወላጆች ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ ውስጥ የነበሩት ሹሞች ወጥተው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ምክትሉ አለ፣ መዝጋቢዋ አለች። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጠረጴዛ ተሸክመዋል። ከፊታቸው፣ ትልቅ ወንበር ላይ፣ እግሯ መሬት ሳይደርስላት፣ የኔዋ ሰዓዳ ተቀምጣለች።

"ቀጣይ!" አለች።

ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን እያስተካከለ ቀረበ። "እመቤቴ፣ እባክሽ ትምህርት ቤቴን ተቀበዪኝ። ከሌሊት ጀምሮ ነው የቆምኩት።"

"የልደት ካርድ?"

"ጠፍቶብኛል፣ እመቤቴ።"

"ታዲያ ሳትወለድ ነው የመጣኸው? ሂድና ነገ ተወልደህ ና።"

"እናቴ እኮ ሩቅ ናት…"

"ሲስተም የለም" አለች ሰዓዳ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው አንድ ሎሚ ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን ተሸክሞ እያለቀሰ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ ከልቤ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሕልም መሆኑን ባውቅ ኖሮ እዚያ ላይ እነቃ ነበር።

ግን አልነቃሁም። ድምፅ ማጉያው "ወላጆች ለገለጻ ወደ አዳራሽ ግቡ" አለ። ገባን። መድረኩ ላይ አንዲት ቀይ ፍየል በሁለት እግሯ ቆማለች። የችግኝ እንክብካቤ መምህሯ እሷ ናት ተባለ። ከፊቷ በችግኝ የተሞላ ሳጥን አለ።

"ወላጆች ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ" አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። "ትምህርት ቤታችን ችግኝ ይወዳል።" ከሳጥኑ አንዱን ቀንጠስ አድርጋ አላመጠች። "እኔ ራሴ ከማንም አብልጬ ነው የምወደው። በተለይ ለጋውን።"

ወላጆች አጨበጨቡ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት እጇን አወጣች። "ልጄን ብርድ አይስማማትም። የሚማሩት ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?"

"ክፍል ውስጥማ ዛፎች ናቸው የሚማሩት። ልጆች ውጭ ይተከላሉ።"

"ይማራሉ ለማለት ነው?"

"ይተከላሉ።"

እናትየዋ ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ" አለች። "ዩኒፎርሙ ቀለሙ ምንድነው?"

እኔም ልጠይቅ ብዬ ነበር። ግን ሁሉም ዝም ብሎ እያጨበጨበ፣ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ከፍየል ጋር ሊከራከር ነው? አፈርኩና ተቀመጥኩ። ልጆቼ፣ በሕልምም በውንም ሰውን የሚጎዳው ይኸው ሐፍረት ነው።

ከአዳራሹ ስወጣ ራሴን አንድ ክፍል በር ላይ አገኘሁት። አጮልቄ አየሁ። እውነትም ዛፎች ናቸው። ግራሩ ከፊት፣ ዋንዛው መሐል ላይ፣ ጥዱ በመስኮቱ በኩል፤ ሁሉም ሥሮቻቸውን ከዴስኩ በታች ሰብስበው ተቀምጠዋል። ባሕር ዛፍ ጥግ ላይ ተንበርክኳል፤ የጎረቤቶቹን ውኃ ጠጥቶ ተይዞ ነው አሉ። የሚያስተምራቸው መጥረቢያ ነው። ሰሌዳው ላይ "ሰው" ብሎ ጽፏል።

"ሰው ለምን ይጠቅማል?" ሲል ጠየቀ መጥረቢያው።

ዛፎቹ ቅርንጫፋቸውን ሰበሰቡ።

"ግራር! አንተ ንገረኝ።"

ግራሩ ቅርንጫፉን አንስቶ ቆመ። "ለጥላ እንዳንለው ራሱ ጥላ ፈላጊ ነው። ለማገዶ እንዳንለው ይከረፋል። ፍሬውም እርስ በርሱ ይናከሳል።"

"ጎበዝ! ታዲያ ምን እናድርገው?"

ዋንዛው ከመሐል፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ "ትንሽ እንታገሠው" አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። መጥረቢያውም ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። የሚከላከልልኝ አንድ ዋንዛ ብቻ መሆኑ ከፋኝ፤ የኛን ሰፈር ዋንዛዎች ማን እንደጨረሳቸው ስለማውቅ ደግሞ የባሰ ከፋኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወንዛችን ቆሟል። አዎ፣ ወንዙ። ልጅ ሆነን የዋኘንበት ወንዝ በልብስ ማቅለሚያ ተዥጎርጉሮ፣ የጫማ ሶልና የዘይት ጀሪካን እየጎተተ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል።

"አባባ፣" አለኝ፣ "ትንሽ ውኃ ይኖርዎታል?"

"ለምንህ?"

"ፊቴን ልታጠብ። እንዲህ ሆነህ አትመዘገብም ብለው መለሱኝ።"

ኪሴን ዳበስኩ። በኪስ ውኃ ማን ይይዛል? "የለኝም ወንድሜ" አልኩት። "ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ" ብሎ ጀሪካኑን እየጎተተ በደረጃው ወደ ላይ ፈሰሰ።

በዚህ መሐል ጭብጨባ ሰማሁ። ከጓሮ ነው። ሄድኩ።

ጓሮው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዳር እስከ ዳር ጉድጓድ። በየጉድጓዱ አንዳንድ ልጅ ቆሟል። እያንዳንዱ ልጅ እስከ ጉልበቱ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ችግኝ ከጣቢያ ሲመጣ እንደሚጠቀለለው። ሱፍ የለበሱ ሰዎች አካፋ ይዘው ይሯሯጣሉ። አንዱ ልጁን ያቆማል፣ አንዱ አፈር ያለብሳል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ወደዚያ ጉድጓድ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ሮጥኩ። በሕልም ጉልበት አይታመምም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሰዓዳን አገኘኋት። ያ ትልቅ ወንበሯ የለም። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ፀጉሯ ላይ አፈር ተበትኗል።

"ሰዓዳዬ፣ ማነው እዚህ ያስገባሽ?"

"ተመዘገብኩ አባዬ" አለችኝ ፈገግ ብላ። "ግን እግሬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ።"

አካፋ የያዘውን ሰውዬ ክንዱን ያዝኩት። "ልጄ፣ ከነላስቲኩ እኮ ነው የተከልካት! ላስቲኩ ሳይቀደድ ሥሩ በየት በኩል ይወጣል?"

"አባባ፣ ሥር አይቆጠርም" አለኝ በትሕትና። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ባርኔጣውን አንስቶ ነው የነገረኝ። "የሚቆጠረው ጉድጓድ ነው።"

"ይደርቃሉ እኮ!"

"እሱ የከርሞ ሪፖርት ነው።"

"ውኃስ የሚያጠጣቸው ማነው?"

"ፍየሏ።"

ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው ልጅ ሮጠ። ፎቶ አንሺው ወደኔ ዞረና፣ "አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ፤ ሽማግሌ ሲኖርበት ፎቶው ያምራል" አለኝ። ለመድኩት መሰለኝ፣ ሳላስበው ፈገግ አልኩለት። ብልጭ አደረገውና ሄደ።

ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። ሰዓዳ ትከሻዬን ይዛለች። "አባዬ ጠማኝ" ትላለች። "ቆይ የኔ እናት፣ ቆይ" እላለሁ። ላስቲኩን አገኘሁት፤ በጥርሴ ቀደድኩት። ከሥሩ ሌላ ላስቲክ አለ። ያንንም ቀደድኩት፤ ሌላ አለ። ደርቡ አያልቅም። በአንዱ ላይ የስኳር ፋብሪካ ማኅተም አለበት፣ በአንዱ ላይ የምርጫ ቅስቀሳ፣ በአንዱ ላይ የሙሽራ ልብስ ቤት ስልክ። ሰው የጣለውን ሁሉ ነው እግሯ ላይ የጠቀለሉት።

ዙሪያዬን የቆሙት ወላጆች እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል። "እባካችሁ አግዙኝ!" አልኳቸው።

"ይረፉ አባባ" አሉኝ አንድ ላይ። "እርስዎ አይድከሙ።"

"ልጆቻችሁም እኮ እዚህ ናቸው!"

"ይረፉ አባባ።"

ጥፍሬ ተነቀለ፣ አላመመኝም። የመጨረሻው ላስቲክ ተቀደደ። ትንሿ እግሯ ወጣች፤ ነጭ፣ በላብ የረጠበች። ከአውራ ጣቷ ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሥር ብቅ ብላ አየኋት። አፈሩን ልታገኘው ስንዝር አልቀራትም። "አይዞሽ፣ ዝርጊያት፣ ትንሽ ብቻ ዝርጊያት" አልኳት። እሷም ዘረጋቻትና፣ ሥሯ አፈሩን ልትነካ ስትል ነቃሁ።

ከራሴ በላይ ጥቁር ጃንጥላ ተይዞልኛል። ትከሻዬ ላይ የማላውቀው ሻሽ ተደርቧል። እግሬ ሥር የሃይላንድ ውኃ ተቀምጦልኛል። ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። በሩ ተዘግቷል።

ጃንጥላውን የያዘችው ወጣት ሴት ናት፤ ጠዋት ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር። ስነቃ ፊቷ በራ። "አብሽሩ አባባ፣ ተነሱ? ማንም እንዳይረብሽዎ ስንጠብቅዎ ነው የዋልነው።"

"ተራዬስ ልጄ?"

"ደርሶ ነበር። ግን እንዲያ ያለ እንቅልፍ ይዞዎት ማን ጨክኖ ይቀስቅስዎ? ቀስ ብለን በጎንዎ አለፍን። ጫማ ሁሉ እንዳይሰማ በእግር ጣት ነው የሄድነው።"

ሰዓዳ እጅጌዬን ያዘች። "አባዬ፣ እኔ ልቀሰቅስህ ነበር። ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው አይቀሰቀስም አሉኝ።"

ዘበኛውን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራሁት። "ቦታ አለ ልጄ?"

"ሞላ አባቴ። ለከርሞ አላህ ያውቃል።"

"የመጨረሻዋ የኔዋ ናት" አለች ሴትየዋ፤ ደስታዋ አላስቆማት ብሎ። ልጇን ከኋላዋ ጎትታ አመጣችና ጉልበቴ ሥር አስቀመጠቻት። የሰዓዳ እኩያ ናት፤ ሁለት ጥርሷ ወልቋል። "ሳልሄድ የቆየሁት ለዚህ ነው። ይመርቁልኝ አባባ። የእርስዎ አፍ ይደርሳል።"

ምን ይደረጋል? እጄን ዘረጋሁ። "እደጊ" አልኳት። "ተማሪ። ከመኪና ይሰውርሽ።"

ሰዓዳም አብራ እጇን ዘርግታ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ፣ "አሚን" አለች።